በጥርስ መሐል የጎደለን ድድ በጄል መሙላት፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊት ለፊት ባሉ ጥርሶቻቸው መሐል፣ ከድዱ በኩል፣ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ የታያቸው ሰዎች «ይሄን የሚሞላ መርፌ አለ አሉ» እያሉ ይመጣሉ። አንዳንዱ ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከውጭ የመጣች ዘመዱ ነግራው ነው። ድዱ ውስጥ ጄል የሚወጋበት መርፌ እውነት አለ። ግን ለሁሉም አይሆንም። ድዱ ታሞ እያለ የሚወጋ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጥርሱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥቁሩ ቀዳዳ ምንድን ነው?

ሁለት ጥርሶች ከሚነካኩበት ቦታ ሥር ሹል ሆኖ የሚቆም ትንሽ ድድ አለ። ሞልቶ እስካለ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። ሲያፈገፍግ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ክፍተት ይተዋል። ከኋላው የአፍ ጨለማ ስለሚታይ ጥቁር ይመስላል። ጥርሱ አልተበላም፣ አልቆሸሸም። ስለዚህ በብሩሽ ቢፈትጉት አይለቅም፤ እንዲያውም ይብስበታል።

ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም። ጥብስ ሲበላ ሥጋው እዚያ ይሰነቀራል። የጣና ዓሣ የሚወድ ሰው ደግሞ ቀጭኑ አጥንት የት እንደሚገባ ያውቃል። አንዳንዶች ሲናገሩ በክፍተቱ አየር ያመልጣቸዋል፤ ምራቅ ይፈናጠቃል። ፎቶ ላይ አፋቸውን ገጥመው የሚነሱም ብዙ ናቸው። ይሄ ቅንጦት አይደለም። ሰው ሳቁን መደበቅ ሲጀምር ጉዳዩ ሕክምና ይገባዋል።

ድዱ ለምን ይጎድላል?

ዋናው ምክንያት የድድ በሽታ ነው። ጥርስ ሥር የሚከማቸው ቆሻሻ ይደነድናል፣ ድዱ ይቆጣል። ቁጣው ሲቆይ ከሥር ያለውን አጥንት ይበላዋል። ድዱ ድንኳን ቢሆን አጥንቱ ምሰሶው ነው፤ ምሰሶው ሲያጥር ድንኳኑ ይወርዳል። ጄሉ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ የሚወስነውም ይሄው ነው።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የጥርሱ ቅርጽ አንዱ ነው። ከድዱ በኩል ጠበብ፣ ከጫፉ ሰፋ ያለ ጥርስ ያላቸው ሰዎች ምንም ሳይታመሙ ክፍተቱ ሊታይባቸው ይችላል። ዕድሜም ይጨምርበታል። በስንጥር ወይም በመርፌ ጥርስ መሐል እየጎረጎሩ ድዱን መውጋት ልማድ የሆነባቸውም አሉ። መፋቂያ በደንብ ከተያዘ ጥሩ ነገር ነው። ጫፉ ሳይለሰልስ ወደ ጎን ሲጋዝበት ግን ድዱን ይገፋዋል። ጫት የሚይዙበት ጉንጭ በኩል ድዳቸው ያፈገፈገባቸውም ያጋጥማሉ።

ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ ነው ክፍተቱ የታየኝ። ሐኪሙ አበላሸኝ ማለት ነው?

አይደለም። ይሄን ጥያቄ ግን በቁም ነገር እመልሰዋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ስጋት ተይዘው እጥበት የሚሸሹ ሰዎች ጥርሳቸው እየተነቃነቀ ነው የሚመጡት።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የታመመ ድድ ያብጣል። እብጠቱ ክፍተቱን ሞልቶ ይደብቀዋል። ያልሸፈነውን ደግሞ የደነደነው ቆሻሻ ይሞላዋል። እጥበቱ ቆሻሻውን ያነሳል፣ በሳምንታት ውስጥ እብጠቱም ይቀንሳል። ያኔ ቀድሞም የጠፋው አጥንትና ድድ ይታያል። ጥርሱ «ሳሳ» የሚመስለውም ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቢሰማዎት አይደንግጡ፤ ለብዙዎች እየቀነሰ ይሄዳል። ክፍተቱን ያመጣው በሽታው ነው። እጥበቱ የገለጠው ብቻ ነው።

እርግጥ ሐኪሙ ይሄን አስቀድሞ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። ሳይነግርዎት ቀርቶ ከሆነ ቅሬታዎ ትክክል ነው።

ፍንጭት አለኝ። እሱም በጄል ይሞላል?

አይሞላም። ፍንጭት በጥርስና በጥርስ መሐል ያለ ክፍተት ነው፤ ድዱ ግን ቦታው ላይ አለ። ጄሉ የሚወጋው ድድ ውስጥ ስለሆነ ጥርስ አያቀራርብም። እኔን ከጠየቁኝ ደግሞ ፍንጭትዎን አይንኩት፤ ያምራል።

ድሮ ያልነበረ ፍንጭት ካደጉ በኋላ ከመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥርስ እየተንሸራተተ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታዩ።

ጄሉ ከምን የተሠራ ነው?

ሃያሉሮኒክ አሲድ ይባላል። አሲድ የሚለው ስም አያስፈራዎት፤ አያቃጥልም። በቆዳችን፣ በመገጣጠሚያችንና በዓይናችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው። ውሃ ስቦ ይይዛል። ተመራማሪዎቹ ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በ1934 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት ከከብት ዓይን ነበር። ለመርፌ የሚሆነው ቶሎ እንዳይሟሟ ተያይዞ የተጠናከረ ዓይነት ነው። ለከንፈርና ለፊት መጨማደድ የሚወጋው «ፊለር» የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

የአሳማ ነገር አለበት? በጾም ጊዜስ?

በዚህ ከተማ ይሄ ሳይነሳ የሚቀርበት ቀን የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቀዋል።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ በአብዛኛው የሚመረተው በባክቴሪያ ነው። ድሮ ከአውራ ዶሮ ኩክኒ የሚወጣ ዓይነት ነበር። የአሳማ ጉዳይ የሚነሳው በሌላ ጄል ነው። ኤምዶጌይን የሚባለው ከአሳማ ጥርስ እንቡጥ በሚገኝ ፕሮቲን ነው የሚሠራው። እሱ እንደ ፊለር ድድ ውስጥ አይወጋም፤ በቀዶ ሕክምና ድዱ ተገልጦ የጥርሱ ሥር ላይ ይደረጋል። ሁለቱም «የድድ ጄል» ስለሚባሉ ሰው ያምታታቸዋል። ስለዚህ ስሙን ጠይቁ፣ ማሸጊያውንም እዩ። ጾሙን በተመለከተ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ። የእኔ ድርሻ ምን እንደሚገባበት በትክክል መንገር ነው።

እንዴት ነው የሚወጋው? ያማል?

መጀመሪያ ቦታው ይደነዝዛል። ከዚያ በጣም ቀጭን መርፌ ከድዱ ሹል ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይገባል። ጄሉ በጠብታ በጠብታ ነው የሚለቀቀው። ለአንድ ክፍተት ከ0.2 ሚሊ ሊትር ያነሰ ይበቃል። ሲገባ ድዱ ለአፍታ ነጣ ይላል፣ ከዚያ ወጠር ብሎ ከፍ ይላል። ሐኪሙ በጣቱ ወይም በጥጥ ወደ ጫፉ እየገፋ ያሸዋል። ጠቅላላው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው መወጠር ብቻ ነው።

በአንድ ጊዜ አያልቅም። አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ልዩነት 2 ወይም 3 ጊዜ ይደገማል። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ የሚመጣ ሰው ይሄን አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው። የጀልባውን ቀን ሳያሰሉ ቀጠሮ አይያዙ።

ለእኔ ይሠራልኛል?

መልሱ ያለው ኤክስሬዩ ላይ ነው። ሁለቱ ጥርሶች ከሚነካኩበት ነጥብ እስከ አጥንቱ ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል። የድድ ሐኪሙ ታርኖውና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት ልኬት እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ነው። ርቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ድዱ ክፍተቱን ሁልጊዜ ማለት በሚቻል መጠን ሞልቶ ተገኘ። 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ100 ቦታ 56ቱ ላይ ብቻ ነበር የሞላው። 7 ሲሆን ወደ 27 ወረደ። አንድ ሚሊ ሜትር ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ እዩት።

ስለዚህ ጄሉ የሚጠቅመው ክፍተቱ ትንሽ ሆኖ፣ አጥንቱ ቅርብ ሆኖ፣ ድዱ ጤነኛና ወፍራም ሲሆን ነው። አጥንቱ ርቆ ከሄደ ጄል ብንከምርበትም የሚደግፈው የለም። ኤክስሬይ ሳያነሳ፣ ድድዎን ሳይለካ «እንወጋዋለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ተነስተው ይውጡ።

ድዱን መልሶ ያበቅለዋል?

ይሞላዋል ብል ይሻላል። ጄሉ ቦታ ይይዛል፣ ውሃ ይስባል፣ ድዱን ከፍ ያደርጋል። የጠፋ አጥንት ግን አይመልስም።

ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱ በ2010 የወጣው ነው። 11 ሰዎች፣ 14 ክፍተቶች። አብዛኞቹ ክፍተቶች በጣም ጠበቡ፣ ጥቂቶቹም ሙሉ በሙሉ ተዘጉ። ውጤቱ ደስ ይላል፣ የሰዉ ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ የወጡትም በብዛት አነስተኛ ናቸው። ክትትላቸውም ባብዛኛው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ነው። ጄሉ ራሱ በጊዜ ይሟሟል። ስለዚህ «ለዕድሜ ልክ» የሚል ማስታወቂያ አይመኑ። እንደገና መወጋት ሊያስፈልግ ይችላል።

ድዴ ስቦርሽ ይደማል። መወጋት እችላለሁ?

አሁን አይችሉም። የሚደማ ድድ የታመመ ድድ ነው። እዚያ ውስጥ ጄል መወጋት ጀርም ያለበትን ቦታ ማወክ ነው፤ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ደግሞም ቁጣው ሲቀንስ ድዱ ስለሚሸሽ የተወጋው ቦታ መልኩን ይቀይራል።

መጀመሪያ ሐኪሙ ሚሊ ሜትር የተቀረጸበት ቀጭን ዘንግ በጥርሱና በድዱ መሐል ቀስ አድርጎ ያስገባል። ለእያንዳንዱ ጥርስ ቁጥር ይጠራል፦ 2፣ 3፣ 2፣ 5። እስከ 3 ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሲጠራ ድዱ ከጥርሱ ተለይቶ ኪስ ሠርቷል ማለት ነው። ሲጠራ ጆሮ ይስጡ፤ የእርስዎ ቁጥር ነው። ከዚያ እጥበት ይመጣል፤ ካስፈለገም ከድድ በታች ያለው ሥር ይጸዳል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጠብቆ እንደገና ይለካል። ስለ ጄሉ የምናወራው ያኔ ነው።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙ ላይደማ ይችላል። ይሄ የጤና ምልክት አይደለም። ሲጋራው የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ በሽታው ተደብቆ ይቆያል።

እናቴ ድዷ የተወቀረ ነው። ለሷ ይሆናል?

በጎጃምም በጎንደርም በኩል ድዳቸው በጥላሸት የተወቀረ እናቶች ብዙ ናቸው። ውቅራቱ ራሱ ጄሉን አይከለክልም። ችግሩ ጥቁሩ ቀለም መቅላቱን ይሸፍናል። አይቶ ብቻ «ጤነኛ ነው» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለእናትዎ በዘንጉ መለካቱና ሲነካ ይደማል አይደማም የሚለው ከማንም በላይ ያስፈልጋል። ስኳር ወይም ግፊት ካለባቸው፣ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ሳይጠየቁም ይናገሩ። ብዙ እናቶች «ለጥርስ ነው የመጣሁት» ብለው ስኳራቸውን ሳይነግሩን ይቀራሉ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ግን ድዱን ይጎዳል፤ ቁስልም ቶሎ አይድንም።

ሠርጌ ጥር ላይ ነው። ኅዳር ላይ ብጀምር ይደርሳል?

ድድሽ ጤነኛ ከሆነ ይደርሳል። 3 ጊዜ ብትወጊ፣ በየ3 ሳምንቱ፣ 6 ሳምንት ነው። ድድሽ ከታመመ ግን እጥበቱና መጠበቂያው ሌላ 2 ወር ይወስዳል፤ ስለዚህ ከመስከረም መጀመር ነበረበት። ካልደረሰ ክፍተቱን በጥርስ ቀለም ሙሌት መዝጋት ይቻላል። እሱ በአንድ ቀን ያልቃል። የመጨረሻውን መርፌ ደግሞ ለሠርጉ ሳምንት አትተዪው። ከንፈር ሊያብጥ ይችላል።

ጉዳት የለውም?

የተለመደው ቀላል ነው፦ ለጥቂት ቀን ማበጥ፣ መቅላት፣ መበለዝ፣ ማቃጠል። አንዳንዴ ከንፈርም ያብጣል።

ከባዱ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ጄሉ በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም ይዘጋል። ፊት ላይ በሚወጉ ፊለሮች በዚህ ምክንያት ቆዳ የሞተባቸው፣ ዓይናቸውም የጠፋ ሰዎች አሉ። ከተወጉ በኋላ ድዱ ወይም ከንፈሩ ነጥቶ ከቀረ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ነገ ይሻለዋል ብለው አይደሩ። ያኔውኑ ወደወጋዎት ሐኪም ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጄሉን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል። ክሊኒኩ ውስጥ ይኑር አይኑር ከመወጋትዎ በፊት ይጠይቁ። የለንም ካሉ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልወጋም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እነዚህ ጄሎች በብዙ አገር የተፈቀዱት ለፊት ነው። ለምሳሌ ሬስቲሌን የሚባለው ጄል አሜሪካ ውስጥ በ2003 የተፈቀደው ለፊት መጨማደድ ነበር። ድድ ላይ የሚጠቀም ሐኪም በራሱ ሙያዊ ውሳኔ ነው የሚጠቀመው። ይሄን ገልጾ ነግሮዎት፣ እርስዎም ፈርመው መሆን አለበት።

ውበት ሳሎን ውስጥ ከንፈር የምትወጋ ልጅ ድድም እወጋለሁ አለችኝ።

እባክዎ አይወጉ። ድድ የጥርስ ሐኪም ሥራ ነው። በተለይ የድድ ስፔሻሊስት ቢሆን ይመረጣል። እሷ አጥንትዎን አላየችም፣ ኪሱን አልለካችም፣ ችግር ቢፈጠር የምታደርገው የላትም።

እዚህ ካልተገኘ የት ልሂድ?

ምርመራ፣ ኤክስሬይና እጥበት ባሕር ዳር ውስጥ ይገኛል። ሥራው ከግማሽ በላይ ይሄ ነው። ለመርፌው ግን «የድድ ስፔሻሊስት አለ? ጄሉ አገር ውስጥ ተመዝግቦ የገባ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ያስተምራል፤ ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባም አለ። ወደሚሄዱበት ቦታ ኤክስሬይዎን ይዘው ቢሄዱ ድጋሚ ከመክፈል ይድናሉ። በሻንጣ ተይዞ የመጣ ጄል ግን፣ ዘመድ ቢልከውም፣ አይቀበሉ። መንገድ ላይ በምን ሙቀት እንደቆየ ማንም አያውቅም።

ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካወለቅሁ በኋላ ነው የመጣብኝ።

የተለመደ ነው። ብሬስ ካሠሩ አዋቂዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ላይ ይታያል። ተደራርበው የነበሩ ጥርሶች ሲስተካከሉ የተደበቀው ክፍተት ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ብሬሱ ሐኪም ይመለሱ። የጥርሱን ጎን በስሱ ሞርዶ ጥርሶቹን ማቀራረብ ብዙ ጊዜ ከጄል የተሻለና ዘላቂ ነው።

ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ዙሪያ ያለ ክፍተት ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ጄሉ ያሳየው ውጤት ደካማ ነው፤ አልመክረውም።

ጨውና ነጭ ሽንኩርት ድዱን አይመልሱም?

ለብ ያለ የጨው ውሃ የተቆጣ ድድ ያስታግሳል። የጠፋውን አይመልስም። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ አስሮ ማደር ደግሞ ያቆስላል፤ ይተዉት።

ከተወጋሁ በኋላ ምን ልብላ?

ማደንዘዣው እስኪለቅ ምንም አይብሉ፤ ከንፈርዎን ይነክሳሉ። በዚያ ቀን ለስላሳና ለብ ያለ ነገር ይሻላል። ገንፎ፣ ፈሰስ ያለ ሽሮ፣ በሶ። ሚጥሚጣ፣ ቆሎ፣ የሚያቃጥል ቡና፣ አረቄና ጫት ለጥቂት ቀን ይቆዩ። የተወጋውን ቦታ ለ24 ሰዓት አይቦርሹት፣ ክርም ስንጥርም አያስገቡ። ሌላውን ጥርስ ግን እንደወትሮው ይቦርሹ።

እርጉዝ ነኝ።

ከወለዱ በኋላ። እጥበቱን ግን አሁንም ማድረግ ይችላሉ። በእርግዝና ጊዜ ድድ ስለሚቆጣ ይጠቅምዎታል።

እህቴም ክፍተት አላት። ከእኔ የተረፈው ጄል ለሷ አይሆንም?

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አንድ ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ውድ ነው፣ ለአንድ ክፍተት የሚገባው ደግሞ ጠብታ ነው። ቢሆንም አይሆንም። መርፌው ቢቀየር እንኳ ሲሪንጁ ውስጥ ዓይን የማያየው ደም ሊመለስ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ማሸጊያው ዓይንዎ እያየ ይከፈት። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ራስዎ ያንብቡ። የቀረውም እዚያው ዓይንዎ እያየ ይጣል።